ያለ ፍተሻ ይከፈታል

ዛሬም የትኛውም ሕንጻ በር ላይ ስደርስ ፈታሿ አፏን ሳትከፍት እጄን ወደ ላይ አነሳለሁ። ባንክም ይሁን ሆቴል ለውጥ የለውም። አንድ ጊዜማ ፍተሻ የሚባል ነገር በሌለበት የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ አንስቼ ብቆም፣ ካርድ የምታወጣው ልጅ "ምነው እማማ፣ ትከሻዎን አመመዎት?" አለችኝ። አላመመኝም። ሹራብ ፋብሪካ ሠርቼ ነው።

ፋብሪካው ንፋስ ስልክ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ነበር። አሁን ቦታው ላይ ሌላ ነገር ቆሟል። ያኔ ከሁለተኛው ፎቅ፣ በምዕራብ በኩል ባለው መስኮት ላፍቶ ይታየናል፤ ላፍቶ ማለት ደግሞ ያኔ የጤፍ ማሳ፣ የጭድ ክምር፣ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው። እኔ የአስተዳደር ክፍሉ ጸሐፊ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ አራት፣ ቅጥሬ ጊዜያዊ፣ ውሌ በየስድስት ወሩ በሥራ አስኪያጁ ፊርማ የሚታደስ። ፋብሪካው የመንግሥት ነው፤ ነገር ግን የመንግሥት ድርጅቶች ለግል ባለሀብት ሊሸጡ ነው የሚባልበት ዘመን ስለነበር፣ አንድ ጥቅል ክር በጠፋ ቁጥር ሥራ አስኪያጃችን አገር የጠፋ ያህል ይሆን ነበር። "ነገ ገዢው መጥቶ ቆጥሮ ሲረከብ ጉድለቱ የሚያርፈው በእኔ ራስ ላይ ነው" ይላል። አላጋነነም፤ በእሱ ላይ ነበር የሚያርፈው።

ስለዚህ እንፈተሻለን። ለምሳ ስንወጣ አንድ ጊዜ፣ ማታ ስንወጣ አንድ ጊዜ። ጋወናችንን ሚስማር ላይ ሰቅለን፣ ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ሆነን በሩ ላይ እንሰለፋለን። ተራችን ሲደርስ እጅ ወደ ላይ። ሴቶቹን የምትፈትሸው ሴትዮ ከብብት እስከ ወገብ ዳብሳ፣ ሻሻችንን አስፈትታ ታራግፋለች። ማን እንዳረገዘች ከባሏ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት እየተባለ ይቀለድ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ውርደቱ ያንገበግበኝ ነበር፤ እቤት ገብቼ እንኳ ብብቴ ሥር የሰው እጅ ያለ ይመስለኛል። ዓመት ሳይሞላኝ ግን ስለ ሥራ አስኪያጁ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ማንም እያወራሁ እጄን አነሳለሁ፣ እጄን አወርዳለሁ፣ ወሬዬ አይቋረጥም። ሰው ሁሉን ይለምዳል ሲባል እንደ ምስጋና ነው የሚነገረው። እኔ አሁን አሁን ያስፈራኛል።

የበሩ ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ነበር። ስሙን የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ሁሉም "ሃምሳ አለቃ" ነው የሚለው። የድሮው ጦር ሲበተን የተበተነ፣ ካምፕ ከርሞ፣ ተንከራትቶ፣ በስንት ደጅ ጥናት ይህችን ጥበቃነት ያገኘ ሰው ነው። ላፍቶ ከአንድ ገበሬ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር ይኖራል። በተቀጠረ ሳምንት የሥራ አስኪያጁን መኪና አስቁሞ የኋላውን አስከፍቶ ስላየ፣ እኛ "ይሄ ሰው ነገ አይመጣም" አልን። ሥራ አስኪያጁ ግን "እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው" ብሎ ደስ አለው። 

የሃምሳ አለቃ አመል ደግሞ ወረቀት ነው። የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ማህተም ባረፈባቸው ትእዛዞች የተለበጠ ነበር። ማን መቼ እንደሚገባ፣ የትኛው መኪና በየትኛው ሰዓት እንደሚወጣ፣ ውሻ እንዳይገባ ሳይቀር። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። "ግንባር ላይ አንድ መኮንን በቃሉ 'ጉብታውን ልቀቁ' አለን፣ ለቀቅን። በኋላ ሲጠየቅ 'አላልኩም' አለ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አልነገረኝም። "ከዚያ ወዲህ ጆሮዬን አላምንም፣ የኔ ልጅ። ዓይኔን ነው የማምነው።"

እንዲህ እያለን ነው ከዞኑ ጽሕፈት ቤት ሰርኩላር የመጣው። ማንኛውም አምራች ድርጅት ለድንገተኛና ለከባድ አደጋ የሚሆን የዝግጁነት ዕቅድ አዘጋጅቶ እንዲልክ፣ ታዛቢ ባለበትም ልምምድ እንዲያካሂድ የሚል ነበር። ሌላ ሰፈር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ፋይል ተደርጎ ይረሳል። የእኛ ሰፈር ግን አደጋ ምን እንደሆነ አይቷል። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን የጥይት መጋዘኑ የፈነዳው እዚሁ ነው። ሊነጋጋ ሲል ምድሩ ሲነሳ፣ እናቴ እጄን ይዛ እየጎተተችኝ ስንሮጥ ትዝ ይለኛል። ጥቂት እንደሄድን ለቀቀችኝና ተመለሰች። ወርቅ ልታወጣ ወይም ጽላት የምታህል ነገር ረስታ መሰለኝ። በሩን ልትቆልፍ ነበር የተመለሰችው። መስኮቱ ከነመቃኑ ረግፎ፣ ግድግዳው ሰው በሚያሾልክ ተሰንጥቆ፣ እሷ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ መጣች። ለዓመታት ስንስቅባት ኖርን።

ዕቅዱን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱ የጽሕፈት መኪናው እኔ ጋ መሆኑ ብቻ ነው። ከመዝገብ ቤት የድሮውን አወጡልኝ፤ በአቧራ የተለበጠ፣ የአየር ድብደባ ቢመጣ የት የት ጉድጓድ እንደሚቆፈር የሚዘረዝር ነበር። የእሳት ማጥፊያ ኮሚቴ አባላት ተብለው ከተጻፉት ሁለቱ ጡረታ ወጥተዋል፣ አንዱ አርፏል። ቀይ ቀለም የተቀቡት የአሸዋ ባልዲዎች የሲጋራ መተርኮሻና የድመት መጸዳጃ ሆነዋል። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ ቁልፍ ያለው እረፍት የወጣ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

እኔም ተቆጣሁና እንደ አዲስ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ የወደድኩት ሥራ ጥቂት ነው። የማሽን አዳራሹን፣ ደረጃውን፣ ክር መጋዘኑን በእግሬ እየለካሁ ዞርኩ። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ከክር መጋዘኑ ጀርባ የቦይለሩ ናፍጣ ታንከር አለ፣ እሳት እዚያ ከደረሰ ግቢው ውስጥ መቆሚያ የለም። ስለዚህ የመሰብሰቢያ ቦታው ከግቢ ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሜዳ ይሁን ብዬ ጻፍኩ። ሳይረኑ ሦስት ጊዜ ሲጮኽ ሁሉም ማሽኑን አጥፍቶ በተመደበለት ደረጃ ይወርዳል፣ በዋናው በር ይወጣል፣ ሜዳው ላይ ይቆጠራል። ወረቀት ላይ ማንም አይደናገጥም፣ ማንም ጫማዬን ብሎ አይመለስም፣ ደረጃ ላይ የሚወድቅ የለም። ስጨርስ አገር ያዳንኩ ያህል ተሰማኝ።

ልምምዱ የተደረገው የካቲት ውስጥ፣ በአንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ከዞን የመጣው ታዛቢ ኮትና ሹራብ የደረበ፣ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ መዳፉ ላይ የያዘ ሰው ነበር። ሳይረኑ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ማሽኖቹ ጸጥ አሉ። ሠራተኛው ሁሉ፣ ወደ ሦስት መቶ የምንጠጋ ሰዎች፣ በተመደበልን ደረጃ ያለ ግፊያ ወረድን። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። ከዚያ በሩ ጋ ስንደርስ ቆምን። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ። ጋወናቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው የመጡ ነበሩ፤ የረሱት ሊሰቅሉ ተመለሱ። ፈታሿ እጅጌዋን ሰብስባ ጀመረች። አንድ በአንድ፣ እጅ ወደ ላይ፣ ሻሽ ፍቺ፣ እለፊ። የመጨረሻዋ ሴት ሜዳው ላይ ስትደርስ የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ታዛቢው ይስቃል ወይም ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ሰዓቱን እጁ ላይ መልሶ አሰረና "በብዙ ድርጅት ዞሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት አላየሁም" አለ። በሳምንቱ የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ "ሠራተኛው ያለ አንዳች ግርግር፣ በሰልፍ" የሚል። ሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አስለጠፈው። ምን እንዳየን የገባው ከእኔ በቀር አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ደብዳቤው በተለጠፈ ማግሥት ሃምሳ አለቃ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጣ። ቢሮ መጥቶ አያውቅም። ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

"የኔ ልጅ፣ እሳቱ የእውነት ቢሆን ኖሮ እኔ ምን ላደርግ ነው?"

"ይከፍቱታላ፣ ሃምሳ አለቃ።"

"በምን ትእዛዝ? እኔ ያለኝ ትእዛዝ ማንም ሳይፈተሽ እንዳይወጣ የሚል ነው። ማህተም አለው፣ ግድግዳዬ ላይ አለ። ከፍቼው ዕቃ ቢጎድል እኔን ነው የሚይዙኝ። ልጆቼን ይዤ ዳግመኛ ሜዳ መውደቅ አልችልም። ካልከፈትኩት ደግሞ" አለና ወደ መስኮቱ፣ ማሽን ወደሚያንጎራጉርበት አየ። "ደግሞ እነዚህ ሴቶች አሉ። አንዲት መስመር ጻፊልኝ። ክፈት የምትል።"

እዚያው እያየኝ ጻፍኩት። "በአደጋ ጊዜ ሳይረን እንደተሰማ የዋናው በር ጥበቃ በሩን ያለ ፍተሻ ይከፍታል።" አንብቤ አሰማሁት። "ያለ ፍተሻ" የሚለውን ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ። ከዚያ መርቆኝ ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ ዕቅዱን ገጽ በገጽ ፈረመ። እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ቀይ እስክሪብቶ አነሳ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

አስረዳሁት፤ ልምምዱን፣ ሰልፉን፣ ናፍጣውን። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

"እሺ፣ ይሄን ጽፈን ለጠፍን እንበል" አለ። "ሹራብ ማውጣት የፈለገ ሌባ ምን ያደርጋል? ክብሪት ይጭራል። በሩ ያለ ፍተሻ እንደሚከፈት በጽሑፍ ነግረነዋላ! አደጋ ከመጣ ያኔ እኔ ራሴ በቃሌ አዛለሁ።"

መስመሯን በቀይ ሰረዛት። ያንን ገጽ እሷን አስቀርቼ እንደገና እንድጽፈው አዘዘኝ። ውሌ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነበር። ጻፍኩት። የተሰረዘችበትን ረቂቅ ግን መቅደድ አስጠላኝና መሳቢያዬ ውስጥ፣ ካርቦኖቹ ሥር አኖርኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ሃምሳ አለቃ በሩ ላይ "እህስ፣ ምን አደረግሽልኝ?" አለኝ።

"ጽፌዋለሁ፣ ሃምሳ አለቃ።"

ውሸት አይደለም፤ ጽፌዋለሁ። ተሰርዟል አላልኩትም እንጂ። ይህችን ነገር በሕሊናዬ ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ሰውየው ፊቱ በርቶ "እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ" ይለኛል፣ እኔም "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ አልፋለሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ግልባጩን እንድሰጠው ጠየቀኝ፣ ግድግዳው ላይ ሊለጥፈው። "ማህተም አላረፈበትም" አልኩት። "ፋይል ውስጥ ነው" አልኩት። ከዚያ መጠየቁን ተወ። እኔም ተረሳ ብዬ እፎይ አልኩ።

እሳቱ የተነሳው ጥቅምት ላይ ነው፤ ከሻይ እረፍት የተመለስንበት ሰዓት። መጀመሪያ የሸተተኝ የተቃጠለ ክር ነው፤ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ። በመስኮት ስመለከት ከክር መጋዘኑ ጣራ ሥር ጥቁር ጭስ ይወጣል። በኋላ ሽቦ ነው ተባለ። ሳይረኑ ሦስት ጊዜ ጮኸ።

ቦርሳዬን እንኳ አላነሳሁም። ያነሳሁት የዕቅዱን ፋይል ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሰው ቤቱ ሲቃጠል ወንፊት ይዞ ይወጣል ይባል የለ። ደረጃውን ወረድኩ። ደረጃው ላይ ግፊያ አልነበረም፣ ሁሉም በተመደበለት እየወረደ ነው። ዕቅዴ ሠርቷል። በሩ ጋ ደረስን። በሩ ተዘግቷል። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ቆመናል። ጋወን ያልሰቀሉ ሴቶች ከጭሱ ውስጥ እያሳላቸው ጋወናቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ያጥፋሉ፤ ለብሶ መውጣት ክልክል ነውና። የሚያለቅሱ ነበሩ። እያለቀሱ ተሰልፈዋል። ፊቴ ያለችው ሴት እጇን አነሳች። እኔም አነሳሁ።

አዎ፣ እኔ ራሴ። በአንድ እጄ ያንን ፋይል ይዤ፣ ሁለቱንም ወደ ላይ ሰቅዬ፣ ፈታሿ እስክትዳብሰኝ ተራዬን ጠበቅኩ። በዚያች ደቂቃ ምን አሰብሽ ብትሉኝ ምንም አላሰብኩም። በእናቴ ስንት ዓመት ስስቅ ኖሬ!

ሃምሳ አለቃ እጁን መቀርቀሪያው ላይ አድርጎ ሰልፉን ያያል። ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ዓይኑ እኔ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ዞረና መቀርቀሪያውን መዞ፣ ለመኪና ብቻ የሚከፈተውን ሁለቱንም የበሩን ክንፍ ገነጠለው ማለት ይቀላል። "ውጡ!" አለ። ማንም አልወጣም። ክፍት በር ፊት ለፊት እጃችንን አንስተን ቆመናል። "ውጡ እኮ ነው የምላችሁ! ያለ ፍተሻ!" እያለ ከፊት ያሉትን በትከሻቸው እየያዘ ወደ አስፋልቱ ወረወራቸው። እኔንም ወረወረኝ። ከዚያ ነው ግድቡ የፈረሰው፣ ሁሉም መሮጥ የጀመረው።

ሥራ አስኪያጁ በቃሉ ሊያዝዝ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ስብሰባ ሄዷል።

ሜዳው ላይ ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው። አንድም ሰው አልጎደለም። የክር መጋዘኑ ሙሉ በሙሉ፣ ማሸጊያ ክፍሉም እስከ ግማሹ ተቃጠለ። እሳቱ የናፍጣው ታንከር ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የእሳት አደጋ መኪናዎቹ ደረሱ። እስከዚያ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ባልዲ ይዞ በዚያ ክፍት በር ገብቶ ሲረባረብ ነበር። ስንት ሹራብ እንደነደደ፣ ስንት ሹራብ በሰው ብብት እንደወጣ እግዚአብሔር ይወቅ። በወሩ ገደማ አንዲት ሕፃን የእኛን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ታክሲ ተራው ጋ ስትጫወት አየሁ። ሞቋት ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ሰዎች፣ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ደግሞ እኔ። ሃምሳ አለቃ ሲጠራ ኮፍያውን አውልቆ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ተቀመጥ ቢሉትም አልተቀመጠም።

"በሩን ያለ ፍተሻ እንዲከፍቱ ማን ነው ያዘዝዎት?" አለ ሰብሳቢው።

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። አሁን ወደ እኔ ይዞራል፣ "ወረቀት አለ፣ እሷ ጽፋዋለች" ይላል፣ ፋይሉ ይከፈታል፣ መስመሯ አትገኝም። ምን እንደምል ሌት ተቀን ሳስብ ከርሜ አንድም የረባ ቃል አላገኘሁም ነበር።

"ማንም አላዘዘኝም። በራሴ ነው።"

"ይህን የሚፈቅድልዎ የጽሑፍ መመሪያ አለ?"

"የለም።"

ወደ እኔ አላየም። እኔም አንገቴን ደፍቼ "የለም" ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁ ከእኔ ሃያ እርምጃ በማይርቅ መሳቢያ ውስጥ፣ ካርቦን ሥር ተኝቷል። ተነስቼ ማምጣት እችል ነበር። አልተነሳሁም። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። መጀመሪያ የተሰማኝም ኀፍረት ሳይሆን እፎይታ ነበር፤ ኀፍረቱ ከእሱ በኋላ ነው የመጣው፣ ከመጣ በኋላ ግን አልሄደም። አንድ ነገር ደግሞ ግራ አጋባኝ። ለዚህ ሰው ጽፌዋለሁ ብዬዋለሁ። ታዲያ "የለም" ያለው ምኑን አውቆ ነው?

የስንብት ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። "በሥራ ቸልተኝነት" ይላል። በመጨረሻው ቀን ዕቃውን በፌስታል ይዞ ሲወጣ፣ በእሱ ቦታ የቆመው ጥበቃ እያፈረ ቆመ። ሃምሳ አለቃ ፌስታሉን መሬት አስቀምጦ፣ ሳይጠየቅ እጁን አነሳ።

ሁለት ወር እንዳለፈ ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት፣ በተጠነቀቀ የወታደር ጽሕፈት፣ ሌላ ቦታ ጥበቃ ለመቀጠር የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲጻፍለት ይጠይቃል። ኅዳጉ ላይ ሥራ አስኪያጁ "አይመለከተንም" ብሎበታል። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ የጽሕፈት መኪናው ላይ ወረቀት አስገብቼ ጻፍኩ። መቼ እንደተቀጠረ፣ ምን ሲሠራ እንደነበር፣ በመጨረሻም "በፋብሪካው በደረሰው የእሳት አደጋ በሩን በወቅቱ በመክፈት የሠራተኛውን ሁሉ ሕይወት አትርፏል" አልኩ። ይዤው ገባሁ።

ሥራ አስኪያጁ አነበበው። ደግሞ አነበበው። "ማን አዘዘሽ?" አለኝ።

"ማንም አላዘዘኝም። በራሴ ነው" አልኩ፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ ያስታወስኩት። ረቂቁን ከጋወኔ ኪስ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ቀዩ ሰረዝ ደብዝዞ እንኳ ያስታውቃል።

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። "እኔም እኮ ማታ ማታ እንቅልፍ የለኝም" አለ ቀስ ብሎ። ደብዳቤውን ፈረመ። ረቂቁን ወደ እኔ ገፍቶ "ይሄን ቅደጂው" አለኝ። እሺ አልኩና አልቀደድኩትም። በሚቀጥለው ወር ውሌን አደሰልኝ፤ ለምን እንዳደሰልኝ አልጠየቅኩም። በዚያው ዓመት ለዞኑ የተላከው የተሻሻለ ዕቅድ ላይ ያቺ መስመር በማህተም ገባች፤ ያ ሠራተኛ ግን ያለበት ሆኖ ዛሬም ሳይረን ቢጮኽ የሚሰለፍ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤውን ይዤ ላፍቶ ወረድኩ። ጤፉ ታጭዷል፤ ገለባው መሃል ችካል ተተክሎ፣ ሲባጎ ተወጥሮ መሬቱ መሸንሸን ጀምሯል። ሃምሳ አለቃን ያገኘሁት ከነዚያ ቦታዎች በአንዱ ላይ፣ ክምር ድንጋይና አሸዋ ሲጠብቅ ነው። ካፖርቱን ድንጋይ ላይ አንጥፎ አስቀመጠኝ። ደብዳቤውን ሰጠሁት።

በሁለት እጁ ይዞ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ ማህተሙን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። "ተባረኪ" አለኝ። ያቺ ምርቃት ከብዳኝ፣ ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

"ሃምሳ አለቃ፣ እኔ ዋሽቼዎታለሁ። መስመሯ ተሰርዛ ነበር። ኮሚቴው ፊት ለምን እኔን አልጠሩኝም?"

"ዐወቅኩ እኮ" አለኝ።

"መቼ?"

"በሩ ላይ። እሳቱ ቀን።" ደብዳቤውን በጥንቃቄ ማጠፍ ጀመረ። "እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ወረቀቱ አለ ብዬ ነበር። መቀርቀሪያው ላይ እጄ ነበር እኮ። ከዚያ ሰልፉን አየሁ፣ አንቺ ቆመሻል። ያንን ፋይል ይዘሽ፣ እጅሽን ሰቅለሽ። ክፈት የሚል ወረቀት ቢኖርማ የጻፈችው ልጅ ልትፈተሽ አትሰለፍም አልኩ።"

ነፋሱ ከማሳው ላይ ገለባ እያነሳ ይበትናል።

"ታዲያ ወረቀት እንደሌለ እያወቁ ለምን ከፈቱት?"

ደብዳቤውን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆለፈው። ጥያቄዬ የገባው አይመስልም።

"ውስጥ ነበርሽ እኮ" አለኝ።